ምስልና እማኝነቱ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለመዛግብትና ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)




በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ይኸውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዙፋን ላይ ባሳለፉት የመጨረሻ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። ፊልሙ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ስለ ደረሰው ረኃብ ያዘጋጀው ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባ ላይ የታየው ግን ያው ፊልም አልነበረም። በረኃብ የተጎሳቆሉ ሕፃናትና እናቶች በሚታዩባቸው ክፍሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ የሚቀዳ ሻምፓኝ፣ እንዲሁም ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ሌሎች ክፍሎች ገብተውበት ነበር። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ተነገራቸው።

እነዚያን ክፍሎች አንድ በአንድ ለይቶ የተመለከተ ሰው ሐሰት አያገኝባቸውም። ረኃቡ እውነት ነው፤ እንዲያውም መንግሥት ደብቆት የነበረ እውነት ነው። ግብዣውም ተደርጓል፤ ውሾቹም ነበሩ። ነገር ግን ምስሎቹ በተቀጠሉ ጊዜ ከአንዳቸውም ውስጥ ያልነበረ ሌላ ነገር ተወለደ። ይኸውም፣ ይህ ሕፃን በሚሞትበት ሰዓት እኒህ ሰው ለውሻቸው ሥጋ ይሰጣሉ የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ያን ዓረፍተ ነገር የተናገረ አፍ የለም፤ የጻፈና የፈረመበትም እጅ የለም። የተናገሩት መቀሱና ማጣበቂያው ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ፍርድ ሲታይ ተገቢ ነበር የሚል አያሌ ሰው አለ፤ ምናልባትም ተገቢ ይሆናል። ይህን ጉባኤ ሊያሳስበው የሚገባው ግን ሌላ ነው፤ ተመልካቹ በዚያ ምሽት ፍርድ እየሰማ ሳለ፣ ድርጊት የሚያይ መስሎት ነበር።

የቅጥያን ኃይል የፊልም ባለሙያዎች ከዚያ በፊት ግማሽ ምእተ ዓመት ቀድመው ያውቁታል። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይ ፊት፣ ያው ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት፣ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ እንዲታይ ቢያደርግ፣ ተመልካቹ በመጀመሪያው ተዋናዩ ራበው፣ በሁለተኛውም አዘነ ብሎ ማድነቁ ይተረካል። (የኩሌሾቭ ፊልም ራሱ ዛሬ የለም፤ የሚታወቀው በሌሎች ትረካ ነው። ስለ ምስል ኃይል አዘውትሮ የሚጠቀሰው ማስረጃ በስሚ ስሚ የቆመ መሆኑን መዝገብ ጠባቂ ሊዘነጋው አይገባም።) ስለ መስከረም 1ዱ ፊልም ግን ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። የሚቻለውም የመጀመሪያው የዲምብልቢ ፊልም ሳይነካ በመቆየቱ ነው። ከዋናው ጋር ሊነጻጸር የማይችል ቅጥያ፣ ቅጥያ መሆኑ አይታወቅምና።

በቀድሞው የኢትዮጵያ ችሎት ሙግት ይካሄድ የነበረው «ተጠየቅ» በሚለው ቃል ነው። ተሟጋች ባላጋራውን ተጠየቅ ብሎ ያቆመዋል፤ የተጠየቀውም መልስ መስጠት ግዴታው ነው። እማኝ ሲመጣም ማንነቱና አገሩ ይታወቃል፣ ከተሟጋቾቹ ጋር ዝምድና ወይም ቂም እንዳለው ይመረመራል፣ ይምላል፤ ከዚያም የሚናገረው ያየውን እንደ ሆነ ወይም የሰማውን እንደ ሆነ ይለያል። ሥርዓቱ ጉድለት አላጣውም፤ ጉልበተኛ እማኝ ይገዛ ነበር፤ አንደበቱ ያልተፍታታ ድኻም እውነቱን ይዞ ይረታ ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር አጥብቆ ይዞ ነበር፤ እማኝ ማለት የሚጠየቅ ሰው ማለት ነው።

ፎቶግራፍ ወደ ዓለም ሲመጣ የማይጠየቅ እማኝ ሆኖ መጣ። የሠዓሊ እጅ ሊያዳላ ይችላል፤ ብርሃን ግን አያዳላም ተባለ። በ1917 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኮቲንግሊ በምትባል የእንግሊዝ መንደር፣ አንዷ የ16 ሌላዋ የ9 ዓመት የሆኑ ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች፣ ክንፍ ካላቸው ጥቃቅን ፍጡራን ጋር የሚታዩባቸውን ፎቶግራፎች አነሡ። በ1920 ጉዳዩን በመጽሔት ላይ ጽፎ ፎቶግራፎቹ እውነተኛ ናቸው ሲል የተሟገተላቸው ማንም ተራ ሰው አልነበረም፤ ሸርሎክ ሆልምስን የፈጠረው ሰር አርተር ኮናን ዶይል ነበር። ያን ያህል ብልህ መርማሪ በብዕሩ የቀረጸ ሰው ፎቶግራፍን ተጠየቅ ማለት ተሳነው። ሁለቱ ሴቶች በስተርጅና፣ በ1983፣ ፍጡራኑ ከወረቀት ተቆርጠው በባርኔጣ መርፌ የቆሙ ሥዕሎች እንደ ነበሩ አመኑ። ይሁን እንጂ አንዷ የመጨረሻው ፎቶግራፍ ብቻ እውነተኛ ነው እንዳለች ሞተች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በዚህ ታሪክ ተፈጽሟል፤ ለመጥራት 66 ዓመት ፈጀ እንጂ። ነገር ግን ምሳሌያዊው አነጋገር በውስጡ የሸሸገው ግዴታ አለ። እያደር የሚለው ቃል፣ የሚያድር ነገር መኖሩን አስቀድሞ የተቀበለ ነው። ፎቶግራፎቹ አደሩ፤ ሴቶቹም በሕይወት ኖረው ተጠየቁ።

ምስል ከእማኝነት አልፎ ነገሩን ራሱን መተካት መጀመሩን ቀደም ብለው ካስተዋሉት ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ዳንኤል ቡርስቲን ነው። በ1962 ስለ ምስል ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሊዘገብ ሲባል ብቻ የሚደረገውን ድርጊት ለይቶ ስም አወጣለት፤ በአማርኛ «የይስሙላ ድርጊት» ቢባል ከሐሳቡ አይርቅም። አንድ ሆቴል ገበያ በቀዘቀዘበት ጊዜ ክፍሎቹን ከማደስ ይልቅ የ30ኛ ዓመት በዓሉን ያከብራል፤ የከተማው ታላላቅ ሰዎች ይጠራሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ጋዜጣ ይጽፋል፤ ጋዜጣው ስለ ጻፈም ሆቴሉ በእርግጥ የታወቀ ሆቴል ይሆናል። ውሸት ተነግሯል ማለት አይቻልም፤ በዓሉ ተከብሯል። ዳሩ ግን በዓሉ የተከበረው ለፎቶግራፉ ነው እንጂ ፎቶግራፉ የተነሣው ለበዓሉ አይደለም። ቡርስቲን ከ1975 እስከ 1987 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስለ ነበረ፣ ለዚህ ማኅበር አባላት በሙያም የሥራ ባልደረባ ነው፤ ያ ቤተ መጻሕፍትም ወደ ኋላ ይነሣል።

ፈረንሳዊው ጊ ደቦር በ1967 የዘመኑን ኅብረተሰብ የትርኢት ኅብረተሰብ አለው። ድኅረ ዘመናዊ የሚባለው አስተሳሰብ ስሙን በሰፊው ያገኘው ዣን ፍራንሷ ሊዮታር በ1979 ባሳተመው መጽሐፍ ሲሆን፣ ስለ ምስል ግን እስከ ጥግ የሄደው ዣን ቦድሪያር ነው። አርጀንቲናዊው ደራሲ ቦርኼስ፣ ልኩ ከአገሩ ጋር አንድ እስኪሆን ድረስ ስፋቱን ስላሳደጉት ካርታ የጻፈው አጭር ተረት አለ፤ ካርታው በኋላ ተጥሎ በበረሃ ላይ ይበጣጠሳል። ቦድሪያር በ1981 ይህን ተረት ገለበጠው። በዚህ ዘመን በበረሃ ላይ የሚበጣጠሰው ካርታው ሳይሆን አገሩ ነው፤ ካርታው ከአገሩ ይቀድማል አለ።

ይህን አሳብ ለቅኔ ተማሪ ማስረዳት አይከብድም። ባለቅኔ ሰም ሲያቀርብ ወርቅ ደብቆ ነው፤ ሰሚው ሰሙን ሲያቀልጠው ወርቁ ይወጣል። የቦድሪያር ነገር፣ ሰሙ ቢቀልጥ ከሥሩ የሚገኘው ሌላ ሰም ነው የሚል ነው። አሳቡ ረቂቅ ነው፤ ብዙውን የማስታወቂያና የመዝናኛ ዓለም በትክክል ይገልጸዋል። ሆኖም በ1991 ይኸው ሰው የባሕረ ሰላጤው ጦርነት አልተካሄደም በሚል ርእስ ጽሑፎች አወጣ። ማንም አልሞተም ማለቱ አልነበረም፤ ዓለም በቴሌቪዥን የተመለከተው ነገር ጦርነት ሊባል አይገባም ማለቱ ነበር። ቢሆንም ርእሱ ሊከላከሉለት የማይገባ ርእስ ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ባግዳድ ውስጥ በሚገኘው የአሚሪያ መጠለያ ላይ ቦምብ ወድቆ ከ400 በላይ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። ለእነርሱ ካርታው ከአገሩ አልቀደመም። የወሎ ረኃብተኛም ቢሆን በሁለት ቅጥያዎች መካከል ከመታየቱ በፊት ተርቦ ነበር። ድኅረ ዘመናዊው ሊቅ በምስልና በነገር መካከል ያለው ድንበር መደብዘዙን በማየቱ ልክ ነው፤ የተሳሳተው የደበዘዘውን ድንበር እንደ ጠፋ በመቁጠሩ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

እነዚህ ሊቃውንት በጻፉበት ዘመን ምስል አምራቹ ጥቂት፣ ተመልካቹ ብዙ ነበር። ፌስቡክ በ2004፣ ትዊተር በ2006 ሲጀመሩ ተመልካቹ ሁሉ አምራች ሆነ። ይህ ብዙ ጊዜ የተነገረ ስለ ሆነ መድገሙ አያስፈልግም። ከዚያ ያነሰ የተነገረው የመቀሱ ነገር ነው። ፌስቡክ በ2006 የዜና ጅረቱን ከፈተ፤ ይኸውም የወዳጅ ሠርግ፣ የሩቅ አገር ጦርነት፣ የሳሙና ማስታወቂያና የቀልድ ቪዲዮ በአንድ ገጽ ላይ ተከታትለው የሚወርዱበት ሥርዓት ነው። በ2009 የ«ላይክ» ምልክት መጣ፤ በዚያው ዓመት ትዊተር የሌላውን ጽሑፍ በአንድ ጠቅታ መልሶ ማስተላለፊያውን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ የምን ምስል ከምን ምስል ቀጥሎ ይታይ የሚለውን በአመዛኙ የሚወስነው፣ ሰውዬው በየትኛው ላይ ቆም ይላል፣ ለየትኛው ይቆጣል፣ የትኛውን ለሌላ ያስተላልፋል ብሎ የሚገምት የሒሳብ ቀመር ሆነ።

በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. መቀሱን የያዘ ሰው ነበረ። ዓላማ ነበረው፤ ዓላማውም ሊታወቅ፣ ሊነቀፍ ወይም ሊወደስ ይችላል። ያን ምሽት የተመለከቱት ሁሉም ያዩት ደግሞ አንድ ዓይነት ቅጥያ ስለ ነበረ፣ በማግስቱ ስለ አንድ ነገር መነጋገር ይችሉ ነበር። ዛሬ ቅጥያው ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው፣ በየደቂቃው ይሠራል። ባልና ሚስት አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው በየስልካቸው ሁለት የተለያዩ አገሮችን ይመለከታሉ። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም አይዋሹም። ሲጣሉ ግን አንዱ ሌላውን ውሸታም ይለዋል፤ ባለ መቀሱን ተጠየቅ የሚለው የለም፤ ቢልም የሚመልስለት የለም።

ሐሰት በዚህ ጅረት ውስጥ እንዴት እንደሚፈስስ የተመረመረ ነገር አለ። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሦስት ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 በትዊተር የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን አጥንተው በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ውጤቱን አወጡ። ሐሰተኛው ወሬ ከእውነተኛው ይልቅ በሌሎች የመተላለፍ ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጣል፤ እውነተኛው 1,500 ሰዎች ዘንድ ለመድረስ ሐሰተኛው ከሚፈጅበት ጊዜ ስድስት እጥፍ ይፈጅበታል። ጥፋቱንም በመሣሪያ ላይ ማላከክ አልተቻለም፤ ራሳቸውን ሰው አስመስለው የሚጽፉ ፕሮግራሞች ከስሌቱ ሲወጡም ውጤቱ ያው ሆነ። ሐሰተኛው ወሬ አዲስ ነውና ሰው ይወደዋል። እንግዲህ እያደር የሚጠራው እውነት፣ ሳያድር አገር ካዳረሰው ሐሰት ጋር እሽቅድምድም ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ለኢትዮጵያውያን የወረቀት ላይ ጉዳይ አይደለም። በዋሽንግተን፣ በሪያድ ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ሰው የተወለደበትን ቀበሌ ሁኔታ የሚያውቀው ሌሊት በስልኩ ላይ በሚደርሰው ምስል ነው፤ ምስሉ የሌላ አገርና የሌላ ዓመት ቢሆንም እናቱ ስልክ እስክታነሣ ድረስ ለእርሱ እውነት ነው፤ እስክታነሣም ለአሥር ሰው አስተላልፎታል። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሆገን በኦክቶበር 5 ቀን 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር ኢትዮጵያን ከምያንማር ጋር አያይዛ አንሥታለች፤ ኩባንያው ሐሰትን ለመቆጣጠር የሚያወጣው ገንዘብ በአመዛኙ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ መሆኑንም ተናግራለች። በዲሴምበር 2022 የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ላይ ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ ቀረበ። የክሱ ጭብጥ፣ በኢትዮጵያ ጦርነት ጊዜ ለሞት ያበቁ የጥላቻ ጽሑፎች በኩባንያው ቀመር አማካይነት ተስፋፍተዋል የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2025 ክሱን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ባለ መቀሱን ተጠየቅ ያለው ችሎት ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያም በበኩሏ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አውጥታለች። አዋጁ ግን ተናጋሪውን እንጂ ቀጣዩን ብዙም አይደርስበትም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል መሥራት ከተቻለ ወዲህ መቀስና ማጣበቂያም አላስፈለጉም። በማርች 2023 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ነጭ የብርድ ጃኬት ደርበው የሚታዩበት ምስል ዓለምን አዳረሰ፤ እርሳቸው እንዲያ ያለ ልብስ አልለበሱም፤ ካሜራ የያዘም ሰው አልነበረም። በሜይ 22 ቀን 2023 በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አጠገብ ፍንዳታ የሚያሳይ የፈጠራ ምስል ወጥቶ የአክሲዮን ገበያው ለጥቂት ደቂቃዎች ዝቅ አለ። ከእነዚህ ዓይነት ምስሎች የባሰ ጉዳት የሚያደርሰው ግን የእነርሱ መኖር በእውነተኛው ምስል ላይ የሚጥለው ጥላ ነው። ሁለት የአሜሪካ የሕግ ምሁራን፣ ሮበርት ቼዝኒና ዳንኤል ሲትሮን፣ ይህን በ2018 አስቀድመው አይተውት «የውሸታም ትርፍ» የሚል ስም ሰጥተውታል። ሁሉም ምስል ሊፈጠር እንደሚችል ሰው ካወቀ፣ በእውነተኛ ምስል የተያዘ ጥፋተኛ ምስሉ የተፈጠረ ነው ብሎ ይወጣል። በኦገስት 2024 የፕሬዚዳንት እጩ የነበሩት ዶናልድ ትራምፕ፣ ተፎካካሪያቸው ካማላ ሃሪስ ዲትሮይት ሲደርሱ የተሰበሰበው ሕዝብ ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው አሉ። ሕዝቡ ግን በእርግጥ ነበረ፤ በልዩ ልዩ ሰዎች ከልዩ ልዩ ማዕዘን ተነሥቷል። ይህን የሚያስተባብል ብዙ ካሜራ በመኖሩ ነገሩ ቶሎ ጠራ። አንድ ካሜራ ብቻ በነበረበት ቦታስ? ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. ያመጣው ፊልም ዛሬ ቢመጣ፣ የደበቀው መንግሥት ፊልሙን ለማስቆም መድከም አያስፈልገውም ነበር፤ የተፈጠረ ነው ማለት ይበቃው ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደዚህ አዳራሽ ይመጣል። በኤፕሪል 2010 ቡርስቲን ይመራው የነበረው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ከ2006 ጀምሮ በትዊተር ላይ በይፋ የተጻፈውን ሁሉ ለማስቀመጥ ተዋዋለ። የዓለም ወሬ ሁሉ በአንድ ቤተ መጻሕፍት! ከሰባት ዓመታት በኋላ ግን፣ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ፣ ሁሉን መሰብሰቡ ቀርቶ የተመረጠው ብቻ እንዲቀመጥ ተወሰነ፤ እስከዚያ የተሰበሰበውም ለአንባቢ ሳይከፈት ቆይቷል። ውሳኔው ሊያስነቅፍ አይገባም፤ ሁሉን የሚያስቀምጥ ቤተ መዛግብት ቦርኼስ የተረከው ካርታ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሳይመረጥ የሚጠፋው ብዙ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማእከል በ2024 እንዳወጣው፣ በ2013 በኢንተርኔት ላይ ከነበሩት ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አልተገኙም። በ2017 ዩቲዩብ ጽንፈኛ ቪዲዮዎችን ለይቶ እንዲያጠፋ ያሠማራው መሣሪያ፣ የሶርያን ጦርነት ወንጀሎች የመዘገቡ ቪዲዮዎችንም በሺህ የሚቆጠሩ አብሮ አነሣ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት፣ በማኅበራዊ መገናኛ የተለጠፉ ቪዲዮዎችን በማስረጃነት ጠቅሶ በአንድ የሊቢያ የጦር አዛዥ ላይ የእሥር ማዘዣ ያወጣ መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ የስልክ ምስል እማኝ መሆን ይችላል፤ የሚችለው ግን ተጠይቆ ነው። ማን አነሣው፣ የት ቆሞ፣ በየትኛው ሰዓት፣ መጀመሪያ የወጣው በማን ስም ነው፣ ከዚያ ወዲህ ማን ቆረጠው፣ ከምንስ ጋር ተቀጠለ?

ይህ መጠይቅ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ አዲስ አይደለም። በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በእርሳስ የሚጻፈው ያው ነው፤ በካርዱ ላይ «ምንጭ» የሚለው መስመርም ለዚሁ የተሠመረ ነው። ልዩነቱ በስልክ የመጣ ምስል ጀርባ የለውም። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ሲተላለፍ አብሮት የተወለደው የቀንና የቦታ ምልክት ብዙውን ጊዜ ይራገፋል፤ ወደ ቤተ መዛግብት በደረሰ ጊዜም ስሙና አገሩ የማይታወቅ፣ ያልማለ እማኝ ሆኖ ነው የሚደርሰው። በብዙ ቦታ በሥራ ላይ ያለው የምዝገባ ቅጽ ለእንዲህ ያለው ምስል የሚጠይቀው ርእሱንና የገባበትን ቀን ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ለውይይት የሚቀርበው አዲሱ ቅጽ ሦስት መስመሮች ተጨምረውበታል፤ ምስሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ቦታና ሰዓት፣ ያስረከበው ሰው ራሱ ያነሣው ወይም ከሌላ የተቀበለው መሆኑ፣ እንዲሁም በምስሉ ላይ የተደረገ ማንኛውም መቁረጥና መቀጠል። አንዳንድ አባላት ሦስተኛው መስመር በአብዛኛው ባዶ ይቀራል ሲሉ አስቀድመው ተቃውመዋል። ትክክል ነው፤ ባዶ ይቀራል። ባዶ የሆነው መስመር ግን ከ50 ዓመት በኋላ ካርዱን ለሚያነብ ሰው፣ እዚህ ላይ ተጠይቆ መልስ ያልተገኘለት ነገር እንዳለ ያመለክተዋል፤ መስመሩ ከናካቴው ባይኖር ኖሮ የተጠየቀ መሆኑንም ባላወቀ ነበር።